ስለ ቁፋሮ መዝገብ ቤትና በፈቃዳቸው ስለሚያገለግሉበት ሰዎች

የእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን በሌላ ለንደን ላይ ተሠርታ የቆመች ናት። ከዛሬው መንገድ በታች ቢቆፈር የቀደሙ ሰዎች ቤት መሠረት ይገኛል፤ ከዚያም በታች ቢቆፈር ከእነርሱ የቀደሙት፤ ከሁሉም በታች ሮማውያን የሠሩት ከተማ ይገኛል። በዚህ ምንባብ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሮማውያን ያቺን ከተማ የቆረቆሩት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ50 ዓመት ገደማ ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ60 ወይም በ61፣ ቡዲካ የምትባል የአገሩ ንግሥት በሮማውያን ግፍ ተቆጥታ፣ ሠራዊት አስነሥታ ከተማይቱን አቃጠለቻት። የጭቃው ግድግዳ በእሳት ተጠብሶ እንደ ሸክላ ቀላ፤ ያም ቀይ ዐፈር በከተማይቱ መካከል ለሚቆፍር ሰው እስከ ዛሬ ድረስ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። በ1666 ደግሞ ታላቅ እሳት ተነሥቶ ከተማይቱን በላ። በ1940ና በ1941 ከአየር የወረደ ቦምብ ብዙ ቤት አፈረሰ። ሰው ግን በፍርስራሹ ላይ እንደ ገና እየሠራ ስለ ኖረ፣ ምድሪቱ እንደ እንጀራ ተደራርባ ከፍ አለች።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1946 ጀምሮ፣ ዊሊያም ግራይምስ የሚባል ሊቅ ቦምብ ባፈረሳቸው ስፍራዎች ይቆፍር ነበረ። በ1954 ሮማውያን ሚትራስ የሚሉትን ጣዖት ያመልኩበት የነበረውን ቤት አገኘ። ይህም በጋዜጣ በተነገረ ጊዜ ከተሜው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተሰልፎ ጉድጓዱን ተመለከተ። ያን ያህል ሰው የሚያየው ቁፋሮ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ቁፋሮ አንድ ትልቅ ቤት ከመሠራቱ በፊት ፈጥኖ ይደረጋል፤ ከዚያም መሠረት ይጣልበታል፣ ስፍራውም ለዘላለም ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዲት ሴት የአያትዋ መሶብ እንዴት እንደ ተሰፋ ለማወቅ ፈልጋ፣ ከክዳኑ ጀምራ ስፌቱን ዙር በዙር ብትፈታው ምን ይሆናል? የመጨረሻው ዙር ሲፈታ የስፌቱን ምሥጢር ሁሉ ታውቃለች፤ መሶቡ ግን የለም። በፊትዋ ያለው የአክርማ ክምር ብቻ ነው። እየፈታች ሳለች ዙሩን ቆጥራ፣ ቀለሙን በየተራው ጽፋ ከሆነ፣ ሌላው ሰው ጽሕፈትዋን አይቶ መሶቡን በልቡ ሊሠራው ይችላል። ካልጻፈች ግን መሶቡንም ዕውቀቱንም በአንድ ቀን አጠፋች። ምድርን የሚቆፍር ሰው እንዲሁ ነው። የላይኛውን ዐፈር ሳያነሣ የታችኛውን ማየት አይችልም፤ ያነሣውንም እንደ ነበረ አድርጎ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው ዕቃና ዕቃው የት እንደ ነበረ የሚናገረው ወረቀት።

ወረቀቱና ዕቃው ተያይዘው ሲጠበቁ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ በ2010ና በ2014 መካከል በተደረገ ቁፋሮ ታወቀ። ዎልብሩክ የሚባል ትንሽ ወንዝ በጥንት ዘመን በለንደን መካከል ይፈስ ነበረ፤ ሮማውያንም በዳርቻው ቆሻሻቸውን ይደፉ ነበረ። በዚያ እርጥብ ጭቃ ውስጥ አየር ስለማይገባ እንጨት ሳይበሰብስ ቆየ። ቆፋሪዎቹም ከ400 የሚበልጡ ትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች አገኙ። ሮማውያን ሰሌዳውን በሰም እየቀቡ በሰሙ ላይ በብረት ብዕር ይጽፉ ነበረ። ሰሙ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ጸሐፊ ብዕሩን ጠበቅ አድርጎ ስለ ጫነ፣ ጭረቱ ወደ እንጨቱ ዘልቆ ቀርቷል። ሮጀር ቶምሊን የሚባል ሊቅ ይህን ጭረት በብዙ ድካም አንብቦ በ2016 በመጽሐፍ አወጣው።

ከሰሌዳዎቹ አንዱ የተጻፈው በ57 ዓመት ጥር 8 ቀን ነው። ቲቡሉስ የሚባል ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው፣ ተሽጦ ስለ ተረከበው ሸቀጥ፣ ግራቱስ ለሚባል እንደ እርሱ ነጻ ለወጣ ሰው 105 ዲናር ዕዳ እንዳለበት የሚያምንበት ጽሕፈት ነው። ዕዳው ተከፍሎ ይሁን ሳይከፈል ሰሌዳው አይናገርም። ሦስት ወይም አራት ዓመት ቆይቶ ቡዲካ ከተማይቱን አቃጠለች። ሌላው ሰሌዳ ደግሞ የተጻፈው በ62 ጥቅምት 21 ቀን ነው፤ እርሱም ቬሩላሚየም ከምትባል ከተማ ሃያ ጭነት ስንቅ ወደ ለንደን ለማምጣት የተደረገ ውል ነው። ቬሩላሚየምንም ቡዲካ አቃጥላት ነበረ። እንግዲህ እሳቱ ከጠፋ ሁለት ዓመት ያህል ሳይቆይ ነጋዴ እንደ ገና በመንገድ ላይ እንደ ነበረ፣ ሰዎች እንደ ገና እንደሚዋዋሉና እንደሚተማመኑ፣ ከቆሻሻ ጋር የተጣለ አንድ ቁራጭ እንጨት ነገረን። ነገሥታት ያሠሩት ሐውልት ይህን አይነግርም።

በለንደን ምድር ከተቆፈረው የሚበዛው ዕቃና ወረቀት የተከማቸበት ቤት ሐክኒ በሚባለው የከተማይቱ ክፍል ይገኛል። ቤቱ የተሰየመው የለንደን ሙዚየም ኃላፊ በነበረው፣ ከ1890 እስከ 1976 በኖረው በሞርቲመር ዊለር ስም ነው። የቁፋሮው መዝገብ ቤት በ2002 ለሕዝብና ለተመራማሪዎች ተከፈተ፤ በ2012ም ከዓለም የቁፋሮ መዝገብ ቤቶች ሁሉ የሚበልጥ እንደ ሆነ ጊነስ በሚባለው የድንቅ ነገሮች መዝገብ ላይ ተጻፈ። ከ8,000 የሚበልጡ ስፍራዎች ጽሕፈት በዚያ ተሰብስቧል። ከወለል እስከ ጣራ በደረሰ መደርደሪያ ላይ ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርድሯል። ወርቅ አገኛለሁ ብሎ የሚገባ ሰው አዝኖ ይወጣል። በሣጥኖቹ ውስጥ የሚበዛው የሸክላ ገል፣ የበሬና የበግ አጥንት፣ የጣራ ሸክላ፣ የዛገ ምስማርና የጫማ ቁራጭ ነው።

ገልስ ምን ይጠቅማል? የሚል ልጅ ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት ገሎች ይኑሩ። አንዱ ከቀዩ ዐፈር በታች ተገኘ፤ እንግዲህ ያ ድስት የተሰበረው ከቡዲካ እሳት በፊት ነው። ሁለተኛው ከቀዩ ዐፈር በላይ ተገኘ፤ እርሱ ወደዚያ የመጣው ከተማይቱ ከተቃጠለች በኋላ ነው። ገሎቹን በእጅ ይዞ ሲመለከታቸው ሊቅም ቢሆን አይለያቸውም። የሚለያቸው አብሮአቸው ያለው ትንሽ ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የቁፋሮው ምልክት ይጻፋል፤ እርሱም ጥቂት ፊደልና የዓመቱ ሁለት መጨረሻ ቁጥሮች ናቸው። ቀጥሎ ዕቃው የወጣበት የዐፈር ንብርብር ቁጥር ባለ አራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። ዕቃው ለብቻው የተመዘገበ ከሆነ የራሱ ቁጥር በሾለ ቅንፍ ይከተላል። ይህ ሁሉ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ስፍራ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ የጠፋበት ገል ግን አባቱንም አገሩንም እንደማያውቅ ሕፃን ነው፤ ሰው ይራራለት ይሆናል እንጂ ምንም ሊጠይቀው አይችልም።

በቀደመው ዘመን የተቆፈረው ዕቃ ሁሉ በሚገባ አልተቀመጠም። አንዳንዱ በአሮጌ ካርቶን ታጭቆ፣ አንዳንዱ ወረቀቱ በእርጥበት ተበልቶ፣ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ይህን ሁሉ አውጥቶ ማጽዳት፣ እንደ ገና ማሸግና መጻፍ ለጥቂት ደመወዝተኞች ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ በፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎችን ጠራ። በተማሪ ቤት ያነበቡትን በእጃቸው ለመዳሰስ የፈለጉ ወጣቶች መጡ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መጡ። ሥራ ያጡ ሰዎችም እጃቸው እንዳይቦዝንና ልምድ እንዲያገኙ መጡ። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሁለት ወይም ሦስት ሣጥን ቢጨርስ ደኅና ሠርቷል።

ሥራው እንዲህ ነው። የአሮጌውን ሣጥን ክዳን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ገሉን በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋል። የተቀደደውን ከረጢት ትቶ በአዲስ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይጨምረዋል፤ አየር እንዲገባበትና ውስጡ ጤዛ እንዳይቋጥርም ከረጢቱን በመርፌ ይበሳዋል። ከዚያ በማይለቅ ጥቁር ቀለም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ አንዱን ከረጢቱ ላይ፣ ሁለተኛውን በትንሽ ወረቀት ላይ አድርጎ ከውስጥ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል።

ብረት ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል፤ ከአየር ትንሽ እርጥበት ቢያገኝ ይዝግና ይፈረፈራልና። ስለዚህ ብረቱን በሚገባ በሚገጠም የላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው ሲሊካ ጄል የሚባል፣ ጨው የመሰለ፣ እርጥበት የሚጠጣ ፍሬ አብረው ያኖራሉ። አንድ ቁራጭ የምልክት ወረቀትም ይጨመራል፤ ውስጡ ደረቅ ሲሆን ወረቀቱ ሰማያዊ ነው፣ እርጥበት ሲገባ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ያን ጊዜ ፍሬውን አውጥተው በምድጃ ያደርቁትና ይመልሱታል። ከጭቃ የወጣ እንጨትና ቆዳ ግን ተቃራኒ ነው፤ እንዲሁ ቢደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ባለሙያ እስኪያክመው ድረስ በእርጥበት ይጠበቃል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ሞቱ ነው። እነዚያ የሮማውያን ሰሌዳዎችም እንዲህ ባይጠበቁ ኖሮ ማንም ሳያነባቸው በጠፉ ነበረ።

ይህ ሥራ ይሰለቻል። በዚህ ላይ መዋሸት አይገባም። ሃያኛውን የአጥንት ከረጢት ሲበሱ ጣት ይደክማል፤ ዓይንም ቁጥሮቹን ማደባለቅ ይጀምራል። የሚያመሰግን ተመልካች የለም፤ ሥራውን ያየ ሰውም ቢኖር የሚያየው ሣጥን ብቻ ነው። አንድ ሺህ ከረጢት ያለ ስሕተት የጻፈ ሰው ስሙ በመጽሐፍ አይወጣም፤ መጽሐፉን የሚጽፈው ሊቅ ግን ያለ እርሱ አንድ መስመር አይጽፍም። በኢትዮጵያ አድባራት የዕቃ ቤቱ ጠባቂ እንዲሁ ነው። በዓሉ በደመቀ ጊዜ ሰው ሁሉ ካባውን፣ ጥላውንና መስቀሉን አይቶ ይደነቃል እንጂ፣ ዓመቱን ሁሉ ከምስጥና ከእርጥበት የጠበቃቸውን ሰው ማንም አይጠይቅም። የቀደሙት አባቶች የቤተ ክርስቲያንን ንብረት በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያልተጻፈ ዕቃ እንደሚጠፋ ያውቁ ነበረና።

ዓመቱ ሊፈጸም ሲል በእንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ሥራው ጥቂት ይለወጣል። በታኅሣሥ ወር በለንደን ቀኑ እጅግ አጭር ነው፤ ከቀትር በኋላ አራት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትገባለች። ያን ጊዜ አዲስ ሣጥን መክፈት ይቀርና የተከፈተውን መዝጋት፣ የተበደረውን ማስመለስ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይሆናል። ለተመራማሪ የወጣ ሣጥን ስፍራውን ስቶ ተመልሶ እንደ ሆነ ይፈለጋል። በስፍራው የሌለ ሣጥን፣ በዚያ ሁሉ ሺህ ሣጥን መካከል፣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። የብረቶቹ የምልክት ወረቀት በየተራ ይታያል፤ ሮዝ የሆነው ተለይቶ ይወጣል። በፈቃዳቸው ያገለገሉትም በዓመቱ ያደረጉትን ይጽፋሉ፤ ስንት ሣጥን ተከፈተ፣ ስንቱ ተፈጸመ፣ በስንቱ ላይ ጥያቄ ቀረ። ከዚያ በኋላ እንደ አገሩ ልማድ ሻይ ተፈልቶ፣ በዘቢብ የተሠራ የገና ቂጣ ቀርቦ፣ ተመሰጋግነው ይለያያሉ።

አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሆነ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ጡረታ የወጣ ሽማግሌና አንዲት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ይሠራሉ። ዐሥራ ሁለት ሣጥን ለመፈጸም ቃል ገብተው ነበረ፤ ዐሥራ አንዱ አልቋል። በዐሥራ ሁለተኛው ውስጥ የቀረው አንድ ከረጢት ነው፤ በውስጡም ከአጥንት የተሠራ ጥርሱ የተሰበረ ሚዶ አለ። በአሮጌው ወረቀት ላይ የንብርብሩ ቁጥር በእርጥበት ደብዝዟል። 214 ይሁን 274 አይለይም። መዝገቡን ሲያዩት የመጀመሪያው ከቀዩ ዐፈር በታች ነው፤ ሁለተኛው በላይ ነው። በሌላው ክፍል ሻይ ተፈልቷል፤ ሰዎችም ይጠሯቸዋል።

ልጅቱ ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠግታ፦ «214 ይመስለኛል። እርሱን ብንጽፍ ሣጥኑ ያልቃል፤ ማንስ ያውቃል?» አለች።

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፦ «አንቺ ዐውቀሽ ነው ወይስ ደክሞሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ልጅቱም ዝም አለች፤ ቆይታ «ደክሞኝ ነው» አለች።

የዕቃዎቹን መዝገብ አወጡ፤ በሁለቱም ቁጥሮች ሥር ሚዶ አልተጻፈም። የቆፋሪውን ሥዕል አወጡ፤ ሚዶው አልተሣለም። ሌሎቹን አሮጌ ወረቀቶች ደርድረው የቆፋሪው እጅ አንድንና ሰባትን እንዴት እንደሚጽፍ አመሳከሩ። በዚያ እጅ ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ውጭው ጨልሞ ነበረ።

እዚህ ላይ መርጦ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከስሕተት ሁሉ ግን ይህ ይከፋል። ወረቀት የሌለው ዕቃ ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም። ሐሰተኛ ወረቀት የያዘ ዕቃ ግን ይናገራል፤ ሰውም ያምነዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሊቅ ያን ሚዶ አንሥቶ፣ ከቡዲካ በፊት በለንደን እንዲህ ያለ ሚዶ ይሠራ ነበረ ብሎ ያስተምራል። ተማሪዎቹም ያን ያስተምራሉ። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ስፍራውን እንደ ገና ቆፍሮ ለማየትም አይቻልም፣ መሶቡ ተፈትቷልና።

ሁለቱም አዲስ ወረቀት ወስደው «214 ወይም 274፤ ከአሮጌው ወረቀት ማንበብ አልተቻለም» ብለው ጻፉ፤ ቀኑንና የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል አኖሩበት። አሮጌውን ወረቀት አልጣሉትም፤ የእነርሱ ዓይን ያላየውን የሌላ ሰው ዓይን ወይም የተሻለ መሣሪያ ሊያይ ይችላልና፣ በትንሽ ከረጢት አድርገው ከሚዶው ጋር አኖሩት። ከዚያም የዓመቱን ዝርዝር ከፍተው «የተፈጸሙ፤ 11» ብለው ጻፉ። ልጅቱ ያን ቁጥር ስትጽፍ ጥቂት ከፋት። ከሥሩም «በጥያቄ የቀረ፤ 1» ብላ ጨመረችና የሣጥኑን ቁጥር፣ ያዩዋቸውን መዝገቦችና ገና ያልታዩትን፣ ይኸውም የቁፋሮውን ፎቶግራፎች፣ በየተራ ጻፈች።

ሽማግሌው ሣጥኑን ተሸክሞ ጥያቄ የቀረባቸው ሣጥኖች ወደሚቀመጡበት መደርደሪያ ወሰደው፤ ቁጥሩም ወደ ውጭ እንዲታይ አዙሮ አኖረው። ልጅቱ መብራቱን አጠፋችና ሻዩ ሳይበርድ ሁለቱ አብረው ወደዚያኛው ክፍል ሄዱ። ፎቶግራፎቹ በጥር ወር መጀመሪያ ይታያሉ።